ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦ የጨረቃና የመሬት መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ ጨረቃ አፈጣጠር የወጣውን ጽሑፍ በጉጉት አነበብኩት። እንዲህ ያለ ርእስ በአማርኛ ጋዜጣ ሰፊ ቦታ ማግኘቱ ያስደስታል። ይሁን እንጂ «የጨረቃ ድንጋይ ኦክስጅን ከመሬት ኦክስጅን ጋር አንድ ስለሆነ ጨረቃ ከመሬት ተቆርሳ መውጣቷ ተረጋግጧል» የሚለው ድምዳሜ ትክክል አይደለም። ልኬቱ እውነት ነው፤ ድምዳሜው ግን ከልኬቱ አይከተልም። ይህን ለማሳየት ልኬቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንደሚበላሽና የትኛው ንጥረ ነገር የትኛውን ጥያቄ እንደሚመልስ በዝርዝር መጻፍ ግድ ሆኖብኛል።

ከኦክስጅን ልጀምር። በተፈጥሮ ያለው ኦክስጅን ሦስት አይሶቶፖች፣ ማለትም በክብደት የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች፣ አሉት። ኦክስጅን 16 ከመቶ 99.76 እጅ ይይዛል፤ ኦክስጅን 18 ወደ 0.2 እጅ፣ ኦክስጅን 17 ደግሞ ወደ 0.04 እጅ ብቻ ነው። ድንጋይ ሲቀልጥ፣ ውሃ ሲተን፣ ማዕድን ሲረጋ ከባዱና ቀላሉ አይሶቶፕ በጥቂቱ ይለያያሉ። መለያየቱን የሚመራው የክብደት ልዩነት ስለሆነ ኦክስጅን 17 የሚንሸራተተው ኦክስጅን 18 የተንሸራተተውን ግማሽ ያህል፣ በቁጥር 0.52 እጥፍ ገደማ ነው። የሁለቱ ቁጥር በግራፍ ሲሣል የመሬት ድንጋዮች ሁሉ በአንድ መስመር ላይ የሚሰለፉት በዚህ ምክንያት ነው። ለምሳሌ የአንድ ባዛልት ኦክስጅን 18 ከውቅያኖስ ውሃ መለኪያ ከሺህ 5.5 ከፍ ካለ፣ ኦክስጅን 17ቱ ከሺህ 2.86 ያህል ከፍ ማለት አለበት። ከማርስ የመጡ ሜትዮራይቶች (ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮች) ግን ከዚህ መስመር በላይ ከሺህ 0.3 ያህል ርቀው ይቀመጣሉ። ቬስታ ከተባለችው አስትሮይድ እንደመጡ የሚታመኑት ደግሞ ከመስመሩ በታች ከሺህ 0.24 ያህል ይወርዳሉ። ይህን ክፍተት ማቅለጥም ማትነንም አያጠፋውም፤ ስለዚህ አንድ አካል ከየትኛው ጥሬ ዕቃ እንደተሠራ ይጠቁማል። እንዲህ ዓይነት ልዩነት በሰማይ ድንጋዮች ውስጥ መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳወቁት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ክሌይተንና ባልደረቦቹ ናቸው፤ የመረመሩትም በ1969 ሜክሲኮ ውስጥ የወደቀውን የአዬንዴን ሜትዮራይት ነበር።

ልኬቱ የሚሠራው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም በምትመዝን ቁራጭ ነው። ቁራጯ በብረት ሳህን ላይ በተቆፈረች ጉድጓድ ውስጥ ትቀመጣለች፤ የሳህኑ ክፍል አየሩ ተስቦ ይታሸጋል፤ ከዚያ ብሮሚን ፔንታፍሎራይድ ወይም ፍሎሪን ጋዝ ይገባበታል። በባሪየም ፍሎራይድ መስኮት በኩል የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ሲያርፍባት ድንጋዩ ይፈርሳል፣ ኦክስጅኑም ይለቀቃል። የተረፈው ፍሎሪን በጋለ የፖታሲየም ብሮማይድ ጨው ላይ አልፎ ይወገዳል። ሌሎቹ ጋዞች በፈሳሽ ናይትሮጂን በቀዘቀዘ ቱቦ ውስጥ ይያዛሉ፤ የጠራው ኦክስጅን ብቻ ሞለኪውሎችን በክብደታቸው ወደሚለየው መሣሪያ፣ ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ፣ ይገባል። መሣሪያው ክብደት 32፣ 33 እና 34 የሆኑትን ሞለኪውሎች ይቆጥራል። 33ቱ፣ ማለትም ኦክስጅን 17 የያዘው፣ ከ10,000 ሞለኪውሎች 8 ያህሉ ብቻ ነው። ችግሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በጋዙ ማስተላለፊያ መስመር ውስጥ ናይትሮጂን ካለ ከፍሎሪኑ ጋር ተዋህዶ ናይትሮጂን ትሪፍሎራይድ ይፈጥራል። ይህ ጋዝ በመሣሪያው ውስጥ ሲሰበር የሚወጣው ስብርባሪ 14 ከ19 ተደምሮ ክብደቱ 33 ነው። ጥቂቱ እንኳ አምልጦ ከገባ ኦክስጅን 17ን ያለ አግባብ ያበዛዋል። ለዚህ ነው ጥንቃቄ የሚያደርጉ ቤተ ሙከራዎች ኦክስጅኑን በተጨማሪ በጋዝ ክሮማቶግራፍ ወይም በተወሰነ ቅዝቃዜ በሚጠበቅ የሞለኪውል ወንፊት የሚያጠሩት። ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ሳይፈርስ ሲቀር፣ ወይም በሌዘሩ ሙቀት ተፈናጥሮ ከጉድጓዱ ሲወጣ ደግሞ የኦክስጅን 18 ቁጥሩ ይዛባል።

ከሁሉ የባሰው ግን ርጥበት ነው። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ ውሃ ከፍሎሪኑ ጋር ሲገናኝ የራሱን ኦክስጅን ይለቃል፤ ይህ ኦክስጅን የመሬት ኦክስጅን ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ብክለት ማንኛውንም የሰማይ ድንጋይ ወደ መሬት ቁጥር ይጎትተዋል። መሣሪያው በሚገባ ካልደረቀ ውጤቱ «ተመሳሳይ ናቸው» ወደሚለው ያዘነብላል ማለት ነው። ከልኬቱ በፊት ክፍሉን በዚያው ጋዝ ደጋግሞ ማጠብና ያለ ናሙና የሚወጣው ኦክስጅን ከቁጥር የማይገባ እስኪሆን መጠበቅ የግድ ነው። በየመካከሉ ቁጥሩ በደንብ የታወቀ ድንጋይ፣ ብዙ ጊዜ ኦሊቪን የተባለው የአሪዞናው የሳን ካርሎስ ማዕድን፣ በዚያው ሳህን ላይ ይለካል።

ሒሳቡም ወጥመድ አለው። አንዱ ቤተ ሙከራ መስመሩን በ0.528 ያሰምራል፣ ሌላው በ0.5305። ከሺህ 5.5 ላይ ላለ ድንጋይ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ከሚሊዮን 14 እጅ ያህል ነው። የመሬቱና የጨረቃው ናሙና በአንድ መስመር ከተሰሉ ይህ ስህተት ይጣፋል። ከአንዱ ጽሑፍ የጨረቃውን፣ ከሌላው የመሬቱን ቁጥር ለቅሞ የሚቀናንስ ሰው ግን የሌለ ልዩነት ይፈጥራል።

ይህን ይዘን የታተሙትን ውጤቶች እንይ። እ.ኤ.አ. በ2001 ዙሪክ ላይ የአፖሎ ተጓዦች ከጨረቃ ካመጧቸው ናሙናዎች 31 ተለክተው ከመሬት የሚለይ ነገር አልታየም። በ2014 በጀርመን የተሠራ ልኬት ጨረቃ ከመሬት ከሚሊዮን 12 እጅ ከፍ ትላለች አለ፤ የስህተት ወሰኑ 3 ነበር። በ2016 ሎስ አንጀለስ ላይ የተሠራው ደግሞ ልዩነቱ ከዜሮ አይለይም አለ፤ የስህተት ወሰኑ 5። በ2020 የታተመ የኒው ሜክሲኮ ጥናት ቁጥሩ እንደ ጨረቃው ድንጋይ ዓይነት ይለያያል፣ ሁሉንም በአንድ አማካይ መጠቅለል ልዩነቱን ይደብቀዋል ብሎ ተከራከረ። የሚከራከሩበት መጠን ከማርስ ክፍተት ከ20 እጥፍ በላይ ያንሳል። ጋዜጣችሁ «አንድ ነው» ሲል ስህተት አልሠራም፤ ምን ያህል አንድ እንደሆነ ግን መጻፍ ነበረበት።

አሁን ወደ ድምዳሜው። ኤንስታታይት ኮንድራይት የሚባሉ ሜትዮራይቶች አሉ። በኦክስጅን መስመሩ ላይ ከመሬት እጅግ ቅርብ ናቸው፤ በቲታኒየምም እንዲሁ። እነዚህ ድንጋዮች ከመሬት ተቆርሰው ወጡ የሚል ማንም የለም፤ በሲሊከን አይሶቶፕ ከመሬት ማንትል፣ ማለትም በቅርፊቷና በእምብርቷ መካከል ካለው ወፍራም የድንጋይ ክፍል፣ በግልጽ ይለያሉ። የሚመሳሰሉት ከፀሐይ አቅራቢያ ከነበረ ተቀራራቢ ጥሬ ዕቃ ስለተሠሩ ነው። ከአንድ ማሳ ጤፍ የወሰዱ ሁለት ቤቶች የጋገሩት እንጀራ ቢመሳሰል ከአንድ ቡሃቃ ወጣ አይባልም። ጨረቃ የተወለደችው መሬት ከሌላ አካል ጋር ተጋጭታ ነው ይባላል፤ በዚያ ግጭት ውስጥ የነበረው ሌላው አካል፣ ቴያ ተብሎ የሚጠራው፣ ከመሬት ጋር በአንድ ሰፈር አድጎ ቢሆን ኖሮ የኦክስጅኑ መመሳሰል ስለ ግጭቱ ዓይነት ብዙም አይነግረንም።

ነገሩ አከራካሪ የሆነውም ለዚህ ነው። የግጭቱን ሐሳብ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሃርትማንና ዴቪስ፣ ከዚያም ካሜሮንና ዋርድ አቀረቡት። በ2001 የታተመው የካነፕና የአስፋግ የኮምፒውተር ስሌት ማርስን የሚያክል አካል መሬትን በጎን ቢመታት ጨረቃን የሚሠራው ፍርስራሽ አብዛኛው ከመቺው እንደሚመጣ አሳየ። ስለዚህ ጨረቃ ቴያን መምሰል ነበረባት። በ2012 የቲታኒየም 50 ልኬት ጨረቃና መሬት ከሚሊዮን 4 እጅ ባነሰ ልዩነት አንድ መሆናቸውን ሲያሳይ ጭንቀቱ ጨመረ፤ ሜትዮራይቶች በዚያው ልኬት ከሚሊዮን 600 እጅ ያህል ይራራቃሉና። በግጭቱ እንፋሎት ውስጥ መሬትና ፍርስራሹ ተቀላቀሉ የሚለው መልስ ለኦክስጅን ያመቻል፤ በቀላሉ የማይተነው ቲታኒየም ግን በዚያ መንገድ እኩል መቀላቀሉን ማስረዳት ይከብዳል። በዚያው በ2012 ሁለት አዳዲስ ስሌቶች መጡ፦ አንዱ እጅግ በፍጥነት የምትሽከረከር መሬት በትንሽ አካል ስትመታ፣ ሌላው ሁለት ተቀራራቢ መጠን ያላቸው አካላት ሲጋጩ። ሁለቱም የተመሳሰለ ጨረቃ ይሰጣሉ። ሁለቱም ግን ትርፍ ሽክርክሪቱን በኋላ የሚወስድ ሌላ ምክንያት ይጠይቃሉ። እኔ እንደማየው ከእነዚህ ውስጥ አንዱን የሚያስጥል ልኬት ገና አልተሠራም።

ይበልጥ ብዙ የሚናገረው ተንግስተን ነው፤ በጽሑፋችሁ ጨርሶ አለመነሳቱ ያሳዝናል። ሐፍኒየም 182 በ8.9 ሚሊዮን ዓመት ግማሹ ወደ ተንግስተን 182 ይለወጣል። ከ60 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ከ100 አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ሐፍኒየም ከድንጋዩ ጋር ይቆያል፤ ተንግስተን ግን አብዛኛው ብረትን ተከትሎ ወደ ፕላኔቷ እምብርት ይወርዳል። እምብርቱ ሐፍኒየም 182 ሳያልቅ ከተለየ ላይ የቀረው ድንጋይ ከጊዜ በኋላ ትርፍ ተንግስተን 182 ያካብታል፤ ዘግይቶ ከተለየ ትርፉ የለም። የመሬት ማንትል ኮንድራይት ከሚባሉት ጥንታዊ ሜትዮራይቶች ከሚሊዮን 190 እጅ ያህል ይበልጣል። ከመሬት እምብርት ታሪክና ከቴያ እምብርት ታሪክ የወጡ ሁለት ማንትሎች በዚህ ቁጥር በአጋጣሚ እኩል ይሆናሉ ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። በኦክስጅን ጎረቤት መሆን ይበቃል፤ በተንግስተን አይበቃም።

የልኬቱ ታሪክ ግን ለማንኛውም የሳይንስ ዘጋቢ ትምህርት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጨረቃ ድንጋዮች ውስጥ ትልቅ የተንግስተን 182 ትርፍ ተገኘ ተብሎ ጨረቃ በጊዜ ተወለደች ተባለ። ኋላ እንደታወቀው የትርፉ ትልቅ ክፍል ከሐፍኒየም አልመጣም። ጨረቃ አየር የላትም፤ ከጠፈር የሚመጣው የኮስሚክ ጨረር የወለዳቸው ኒውትሮኖች በታንታለም 181 ሲያዙ ታንታለም 182 ይሆናል፣ እሱም በ114 ቀን ግማሹ ወደ ተንግስተን 182 ይለወጣል። በ2007 ታንታለም የሌለባቸው የብረት ቅንጣቶች ከድንጋዩ ተለይተው ሲለኩ ልዩነቱ ጠፋ። በ2015 ደግሞ ትክክለኝነቱ ጨምሮ ትንሽ ትርፍ ተመልሶ ታየ፤ የሜሪላንድ ቡድን ከሚሊዮን 20.6 እጅ፣ የሙንስተር ቡድን 27 እጅ አሉ፤ የስህተት ወሰናቸው 5.1 እና 4። የመጀመሪያዎቹ የብረት ቅንጣት ለይተው፣ ሁለተኞቹ የኒውትሮኑን መጠን በዚያው ድንጋይ ሐፍኒየም 180 ላይ ለክተው ነው የሠሩት። ሁለት የተለያዩ መንገዶች ተቀራራቢ ቁጥር ላይ መድረሳቸው ነው እምነት የሚሰጠኝ።

ቤተ ሙከራ ውስጥ ተንግስተን ላይ የሚሠራ ተማሪ መጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ። በተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ የተፈጨ ድንጋይ ለዚህ ሥራ ሞቷል፤ አንዳንዱ የጨረቃ ባዛልት በግራም ከ0.1 ማይክሮግራም ያነሰ ተንግስተን ስለሚይዝ ከወፍጮው የሚገባው ይበልጠዋል። በአጌት ሙቀጫ ይፈጫል። ዱቄቱ በቴፍሎን ዕቃ በሃይድሮፍሎሪክና በናይትሪክ አሲድ ሲሟሟ፣ ከዚያ ደርቆ እንደገና ሲሟሟ፣ ጥቂት ተንግስተን በቴፍሎኑ ላይ ሊቀር ይችላል። የሚቀረው ደግሞ በአይሶቶፕ እኩል አይደለም፤ ተንግስተን 183 ከሌሎቹ ተለይቶ ይዛባል። ልኬቱን በተንግስተን 183 ያስተካከለ ሰው ያንን መዛባት ወደ 182 ያሸጋግረዋል፤ ስለዚህ 186 ለ184 በተሰኘው ምጣኔም አስልቶ ሁለቱን ማነጻጸር አለበት። ሁለቱ ካልተስማሙ ናሙናው ይደገማል።

ያቺ ትንሽ ትርፍ ምን ማለት ናት? ብዙዎች የሚቀበሉት መልስ ከጨረቃ ልደት በኋላ በመሬት ላይ የዘነበው የሜትዮራይት ክምችት ነው። ክብደቱ ከመሬት ማንትል ከመቶ ግማሽ ያህል ይገመታል። ስሌቱ አጭር ነው። ኮንድራይት በግራም ከ0.1 እስከ 0.2 ማይክሮግራም ተንግስተን ይዟል፤ ማንትሉ 0.013 ያህል። የኮንድራይቱ ተንግስተን ከሚሊዮን 190 እጅ ዝቅ ስለሚል የመሬትን ቁጥር ከ7 እስከ 15 እጅ ያወርዳል። ማንትሉ ውስጥ ያለው ተንግስተን በሰፊ የስህተት ወሰን የሚታወቅ ስለሆነ፣ ከ0.013 ወደ 0.007 ዝቅ ቢል ውጤቱ እስከ 27 ይደርሳል። እንዲህ ከሆነ መሬትና ጨረቃ ሲወለዱ በተንግስተን እኩል ነበሩ ማለት ነው፤ ይህም ከኦክስጅኑ የከበደ ማስረጃ ነው። በሌላ በኩል በ2019 የታተመ ጥናት ትርፉ ጨረቃ ውስጥ ገና ካላለቀ ሐፍኒየም 182 የመጣ ነው፣ ስለዚህ ጨረቃ የፀሐይ ሥርዓት በተጀመረ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ተወልዳለች አለ። ክርክሩ አልተዘጋም። ዕድሜዋም ላይ እንዲሁ ነው። ዚርኮን የተባሉት የአፖሎ 14 ማዕድናት ከ4.51 ቢሊዮን ዓመት በፊት ሲሉ፣ 60025 የተባለው የአፖሎ 16 ድንጋይ 4.36 ይላል። በ2024 የቀረበ ሐሳብ ደግሞ ጨረቃ በመሬት ስበት ተሞቃ እንደገና በመቅለጧ ብዙዎቹ ድንጋዮች ያን ዘግይቶ የመጣ ቀን ይዘዋል ይላል።

መመሳሰሉ በሁሉም ንጥረ ነገር አለመሆኑም ሊነገር ይገባል። በቀላሉ የሚተኑት ይለያሉ። የጨረቃ ባዛልት ዚንክ 66 ከሺህ 1.4 ያህል ሲሆን የመሬቱ ከ0.3 አይበልጥም። ፖታሲየም 41ም በጨረቃ ላይ ከሺህ 0.4 ያህል ይከብዳል። ቀላሉ አይሶቶፕ ከእንፋሎቱ ጋር ሄዷል፤ እዚያ የነበረው ሙቀት ምልክቱን የተወው በእነዚህ ላይ ነው።

ይህ ሥራ ከአገራችን ድንጋይ ጋርም ግንኙነት አለው። ሂሊየም 3 አብዛኛው ፕላኔቷ ስትሠራ የታሰረ ጋዝ ነው፤ ሂሊየም 4 ግን ከዩራኒየምና ከቶሪየም በየጊዜው ይፈጠራል። በውቅያኖስ ወለል ባዛልት ውስጥ የሁለቱ ምጣኔ የአየሩን 8 እጥፍ ያህል ነው፤ ከአፋር በተወሰዱ አንዳንድ ባዛልቶች ግን ከ15 እጥፍ ይበልጣል። ከመሬት ልደት ጀምሮ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ያላስወጣ ጥልቅ ክፍል መኖሩን ከሚጠቁሙት ቦታዎች አንዱ አፋር ነው። የጨረቃን ልኬት ያሳሳተው የኮስሚክ ጨረር እዚህም ወጥመድ ያጠምዳል፤ ላይ የተጋለጠ ድንጋይ ውስጥ ሂሊየም 3 ራሱ ይፈጠራል፣ በደጋ ከፍታ ደግሞ በፍጥነት። ስለዚህ ናሙናው በቅርብ ከተቆረጠ የመንገድ ግድግዳ ወይም ከድንጋይ ካባ ጥልቀት ይወሰዳል። ኦሊቪኑም ከመቅለጥ ይልቅ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ይደቅቃል፤ ሲደቅ የሚወጣው በአረፋዎቹ ውስጥ የታሰረው ጋዝ ነው፣ ጨረሩ የፈጠረው አብዛኛው በማዕድኑ ውስጥ ይቀራል። ከቅልጥ የተገኘና ከድቀት የተገኘ ቁጥር በአንድ ሠንጠረዥ ሳይለዩ የሚያቀርቡ ተማሪዎች ይህን ልብ ቢሉ መልካም ነው።

ቻይና ያመጣቻቸው የቻንግ ኧ 5 1,731 ግራም እና ከጨረቃ ጀርባ በ2024 የመጣው የቻንግ ኧ 6 1,935.3 ግራም ናሙናዎች ገና ብዙ ዜና ይወልዳሉ። ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው አንድ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ዜና ስታትሙ የተለካውን ንጥረ ነገር፣ የስህተት ወሰኑን፣ ድንጋዩ ከየት እንደተነሳና የኮስሚክ ጨረሩ እርማት በምን መንገድ እንደተሠራ አብራችሁ አትሙ፤ አራት መስመር አይሞላም። ያለፈውን ርእስም «ከመሬት ተቆርሳ ወጣች» ከሚለው «ከመሬት ጋር ከተቀራራቢ ጥሬ ዕቃ ተሠርታለች» ወደሚለው ብታርሙልን። ከዚያ በላይ ለመሄድ የቬነስን የኦክስጅን ቁጥር ማወቅ ያስፈልጋል። ቬነስም በመሬት መስመር ላይ ከተገኘች ቴያ ጎረቤት ነበረች የሚለው ይበረታል፤ ርቃ ከተገኘች ደግሞ መሬትና ጨረቃ በግጭቱ ጊዜ መቀላቀላቸውን መቀበል ግድ ይሆናል። ያን የሚመልስ የቬነስ ድንጋይ እስካሁን በማንም ቤተ ሙከራ የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጂኦኬሚስትሪ መምህር
አዲስ አበባ